ሹፌሩ በተሳፋሪ ወንበር

ሹፌሩ በአንድ የተራራ መንገድ ሃያ ስምንት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ኩርባውን ሁሉ እንደ መዳፉ ያውቀዋል፤ ዓይኑን ከአስፋልቱ ነቅሎ ስለማያውቅ ግን ተራራውን ልብ ብሎ አላየውም። ጡረታ በወጣ በሳምንቱ ልብስ ሰፊዋ ሚስቱ የመኪናቸውን ቁልፍ ከእጁ ነጠቀችው። በሃምሳ ሁለት ዓመቷ መንጃ ፈቃድ ካወጣች ገና ወሯ ነው።

«ዛሬ ተሳፋሪው አንተ ነህ፤ አርፈህ ተቀመጥ!»

የዚያኑ የተራራ መንገድ ዳገት ሲጀምሩ ሹፌሩ እግሩ ሥር የሌለ ፍሬን ረገጠ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «ማርሽ ቀንሺ!» ብሎ ጮኸ።

«ቀንሻለሁ እኮ! ይልቅ በመስኮትህ ተመልከት።»

ዞር አለ። ደመናው ከእነሱ በታች ይሄዳል። ማዶ ካለው ገደል ፏፏቴ ይወረወራል፤ ወንዙም ከሥር እንደ ክር ቀጥኗል።

«ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር እንዴ?»

«ተሳፋሪዎችህ ሲያዩት ኖረዋል» ብላ ሳቀች።

«በሞቴ አቁሚልኝ!»

ዳር ይዛ ስታቆም በሩን ከፍቶ እንደ ልጅ ሮጠ። «ነይ እንጂ፣ ቶሎ ነይ!» እያለ ተጣራ። አብረው አይተው ሲጠግቡ ወደ መኪናው ተመለሱ።

«አሁንስ አንተ ንዳ» አለችው ልትፈትነው።

«ኧረ ወዲያ! ገና ምኑን አየሁና?» አለና ቀበቶውን አሰረ።