ዳንቴል የለበሰው ኮምፒዩተር

በደርግ ጊዜ ነው። ጎንደር ፒያሳ ያለው መሥሪያ ቤታችን አንድ ኮምፒዩተር መጣለትና ጠባቂው እኔ ሆንኩ። አዲስ አበባ ሦስት ሳምንት ሠልጥኜ ስለነበር «ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም» ተባለ። ማወቅ እቴ! ከተማርኩት ግማሹን ጎንደር ሳልደርስ ረስቼዋለሁ።

ማሽኑ ጀርባው ላይ ሁለት መንታ መሰኪያዎች ነበሩት። አንደኛው ፊደልና ቁጥር ብቻ ለሚያሳይ ስክሪን ነው፤ ሁለተኛው ሥዕል ለሚያወጣው። የእኛ ስክሪን ሥዕል የሚያወጣው ዓይነት ነበር። የየወረዳውን ምርት ባለቀለም ዓምድ አድርጎ ያቆመዋል። የአይከል ዓምድ ከሌሎቹ በልጦ ሲወጣ ኃላፊያችን፣ ያ ካድሬ፣ ራሱ ያረሰው ይመስል ደረቱን ይነፋ ነበር።

አንድ ሰኞ ይህንኑ ሊያዩ በአራት ሰዓት እንግዶች ከአዲስ አበባ ይመጣሉ ተባለ። ከቁስቋም ቁልቁል እየተንደረደርኩ በሁለት ሰዓት ደረስኩና ማሽኑን ከፈትኩት። ዓምድ የለም። የተንጋደዱ መስመሮች ብቻ ከታች ወደ ላይ ይሮጣሉ። አጠፋሁት፣ አበራሁት። ያው ነው። ዲስኩን ቀየርኩ። ያው ነው። የብርሃኑን ቁልፍ ባዞረው መስመሮቹ ደመቁ እንጂ አልቆሙም።

ያኔ የመንግሥት ዕቃ እንዲሁ አይበላሽም፤ ከተበላሸ አሻጥር ነው። ወንድሜ የወፍጮ ሞተር ተቃጠለ ተብሎ ስምንት ወር ታስሯል። ሲፈታ ሁለት ጥርስ ጎድሎት ነበር።

ቀና ስል ካድሬው በሩ ላይ ቆሟል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ትንሽ ነገር ነው፣ ይስተካከላል።»

«ከአንቺ ሌላ እዚህ ክፍል ማን ይገባል?»

ሳላስበው አፌ ቀደመኝ። «ጽዳቷ እትዬ» አልኩ። ስማቸውን ጠየቀኝ፣ ከነአባታቸው ነገርኩት። ከደረት ኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈ። «እንግዶቹ እስኪመጡ ካልተሠራ ሁለታችሁም ትጠየቃላችሁ» ብሎኝ ሄደ።

እትዬ እኮ ምንም አላደረጉም። ሰው ለራዲዮው እንደሚያደርገው፣ ለኮምፒዩተሩ ነጭ ዳንቴል ሠርተውለት ነው። «ይሄን የመሰለ ሸጋ ዕቃ ምነው ራቁቱን ታስቀምጪዋለሽ ልጄ?» ብለው፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በምሳ ሰዓታቸው ሲሠሩት ከርመዋል።

ባልዲያቸውን ይዘው ገቡና ስክሪኑን ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ።

«የኔ ዳንቴል ነው ያበላሸው?»

«እኔንጃ እትዬ» አልኩ በቁጣ። ማንን እንደተቆጣሁ እንጃ።

«ቅዳሜ ስናለብሰው ደህና አልነበር? አንቺ ገመዱን ነቅለሽ፣ እኔ ወደ ታች ስጎትተው...»

ክው አልኩ። ለካ ገመዱን የነቀልኩት እኔ ነኝ! ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ልንወጣ ስንል ዳንቴሉ በገመዱ ተይዞ አልወርድ ሲል፣ እኔው ነቅዬ እኔው በጥድፊያ መልሼ ሰክቼዋለሁ። ወደ ጀርባው ዞሬ ባይ ገመዱ የፊደሉ መሰኪያ ላይ ተሰክቷል። ማሽኑን አጠፋሁ። ገመዱን ነቀልኩና ከጎኑ ያለው ላይ ሰካሁት። ሳበራው ዓምዶቹ አንድ ባንድ ቆሙ። እትዬ እልል ሊሉ ብለው አፋቸውን በመዳፋቸው ያዙ።

እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ አመስግነው ሄዱ። ካድሬውን ኮሪደሩ ላይ ተከተልኩት።

«ያ የጻፉት ስም... ቢሰርዙት። እሳቸው ጥፋት የለባቸውም።»

«ታዲያ የማን ነው ጥፋቱ?»

ዓይኑን አየሁት። የወንድሜ አፍ ታወሰኝ።

«የማንም አይደለም» አልኩ።

«እንግዲያው ይቀመጥ፤ ምን ይጎዳል?» አለና የኪሱን ቁልፍ ቆለፈ።

ከዚያ በኋላ ወታደር ደጃችን ላይ በቆመ ቁጥር እትዬን ፍለጋ የመጣ ይመስለኝ ነበር። ማንም አልመጣም። በወሩ እትዬ ራሳቸው በወረቀት የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። ዳንቴል ነው፣ ከኮምፒዩተሩ የሚበልጥ፣ ለቤቴ።

«አንቺ ባታድኚኝ ይኸኔ የት ነበርኩ ልጄ?» ብለው ጉንጬን ሳሙኝ።

ተቀበልኳቸው። አመሰግናለሁም አልኩ። እሳቸው ካረፉ ቆይተዋል፤ ዳንቴሉ ግን እስከ ዛሬ ቁምሳጥኔ ውስጥ እንደተጠቀለለ ነው፣ አንድም ቀን ዘርግቼው አላውቅም።