ባንዲራ የሌለው ሀሁ

ልጄ ሰባት ዓመቷ ነበር፤ ከአሻንጉሊቶቿ ጋር የምታወራው በጀርመንኛ ነው። እኔ ደግሞ ጀርመንኛዬን የለቃቀምኩት ዙሪክ አጠገብ ክሎተን አየር ማረፊያ አውሮፕላን ሳጸዳ ነው፤ ባልዲ፣ መወልወያ፣ ቶሎ በሉ፣ ከዚያ አያልፍም። አዲስ አበባ አሥር ዓመት ያስተማርኩ ሴት ነኝ። የሰው ልጅ ሳስነብብ ኖሬ የገዛ ልጄን ማነጋገር ሊያቅተኝ ነው እያልኩ ባቡር ውስጥ ስንቴ እንዳለቀስኩ እኔ ነኝ የማውቀው። አባቷ ከተለየን ቆይቷል፤ ዲቲኮን ባለችው ቤታችን ያለነው እኔና እሷ ብቻ ነን። አማርኛው ከጠፋባት በዚያ ቤት ውስጥ ማን ከማን ጋር ሊያወራ ነው?

አንድ ተስፋ ነበረኝ፤ የረቡዕ ትምህርት። እዚያ አገር ረቡዕ ከሰዓት ልጆች ትምህርት የላቸውም። ዙሪክ ውስጥ አንድ ትምህርት ቤት ክፍል ፈቅዶልን ያገራችንን ልጆች አማርኛ አስተምር ነበር። ልጄ አማርኛዋን የምታወጣው እዚያ ከእኩዮቿ ጋር ስትፎካከር ብቻ ነው። ችግሩ ልጆቹ አንድ በአንድ መቅረት ጀመሩ። “ላንግቫይሊግ” ይሉኛል፤ ይሰለቻል ማለታቸው ነው። እውነታቸውን ነው፤ ከጠመኔና ከእኔ ጩኸት በቀር ምን ነበረኝ?

አንድ ቀን ዳይሬክተሯ አስጠሩኝ። እስከ ፋሲካ ዕረፍት የአሥር ልጆች ወላጆች ካልፈረሙ ክፍሉ ለሌላ ቋንቋ እንደሚሰጥ ነገሩኝ። የቀሩኝ ሰባት ልጆች ናቸው። ደግ ሴት ነበሩ፤ ፊቴን ሲያዩ ጨነቃቸው መሰለኝ፣ አዲሱን የኮምፒውተር ክፍል ተጠቀሚ አሉኝ። ኢንተርኔት ገብቶለታል፤ ለልጆች የሚሆን ገጽ መርጠሽ ለወላጆች አሳዪ፣ ያኔ ይመለሳሉ አሉኝ።

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል። ኢንተርኔት የሚባለውን ነገር ስሙን እንጂ መልኩን አላውቅም። ጄኔቭ ከዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ጡረታ የወጡ፣ ቤታቸው ኮምፒውተር ያላቸው አንድ ጋሼ እንዳሉ ሰማሁ። ሦስት ቅዳሜ እየተመላለስኩ ደጅ ጠናኋቸው። አጠገባቸው ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ፤ ገጹ ከላይ ወደ ታች መስመር በመስመር እስኪወርድ ድረስ ስለ ጤናቸው እጠይቃለሁ። ኢንተርኔቱ የሚመጣው በስልኩ መስመር ስለሆነ ባለቤታቸው ስልኩ ይለቀቅልን ብለው ከጓዳ ሲጣሩ ሁሉንም አቋርጠን እንደገና እንጀምራለን።

የአማርኛ ገጽ የለም እንዳልል ነበር። ግን አንዱ ተረት ብሎ ይጀምርና ትንሽ ወረድ ሲሉ የሰው እናት ይሰድባል። ሌላው ሥዕሉ ደስ ይላል፤ ልጆች የሚነበንቡት መዝሙር የፓርቲ ነው። ከሁሉም አናት ላይ ደግሞ ባንዲራ አለ። ያን ጊዜ የእኛ ሰው ከጽሑፉ በፊት የሚያየው ባንዲራውን ነው። ኮከብ አለበት? አንበሳ አለበት? ልሙጥ ነው? ሰላምታ መስጠትም መንሳትም በዚያ ነበር የሚወሰነው። ልደት ላይ ኬክ የተጋገረበት ቀለም እንኳ ሰው አጣልቷል።

በሦስተኛው ቅዳሜ አንድ ገጽ አገኘን። ፊደል ብቻ ነው። ፊደሉን ሲነኩት የሴት ድምፅ ይጠራዋል፤ ከሥሩ በግ፣ ጨረቃ፣ ወንበር ተሥሎበታል። ስድብ የለ፣ ባንዲራ የለ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው ሣቁ።

“ይኸውልሽ ልጄ፣ ማንንም የማያስከፋ። ይሄን ያዢ” አሉኝ።

ጉልበታቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ። አድራሻውን ደብተሬ ላይ ሁለት ጊዜ ጻፍኩት፤ አንዲት ነጥብ ብትሳሳት አይከፈትም ብለውኛል።

በየቤቱ ደውዬ ስለጠራኋቸው በተከታዩ ረቡዕ አሥራ አንድ ቤተሰብ መጣ። ከአድሊስቪልም ከክሎተንም፣ ሥራቸውን አስፈቅደው፣ ልብሳቸውን ቀይረው። ልጆቹን ሁለት ሁለት አድርጌ በየኮምፒውተሩ አስቀመጥኳቸው። ገጹ ተከፈተ። ወዲያው ክፍሉ በሀ ሁ ሂ ተናወጠ። ልጄ ጨ ላይ ጣቷን ተክላ ከሴትየዋ ጋር “ጨ፣ ጩ፣ ጪ” ትላለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህቺን ፊደል ከአፏ ማውጣት አቅቶኝ ነበር። ዕንባዬ መጣ፤ ወላጆች ለሚፈርሙበት ቅጽ ብዕር ላዘጋጅ ዞር አልኩ።

“እህቴ፣ ባንዲራው የታለ?” አሉ አንድ አባት ከኋላ።

“የለውም። ፊደል ብቻ ነው” አልኳቸው።

“እንዴት የለውም? አገር የሌለው ሰው ነው የሠራው?”

“ኮከቡን ላለማሳየት ሆን ብለው አንስተውት ነው” አለች ከመስኮቱ አጠገብ የቆመች እናት።

“ልሙጡን ፈርተው ነው እንጂ” አላት ሌላው። “ንጹሕ ሰው ባንዲራውን ምን ይደብቃል? ማን ነው ይሄን የመረጠልሽ?”

“ማንም አልመረጠልኝም። እባካችሁ ልጆቹን እዩዋቸው። ሀ ፓርቲ የለውም” አልኩ።

ማን ይይልኝ? ጀርባቸውን ለልጆቻቸው ሰጥተው እርስ በርስ ተያያዙ። አንዱ የመንግሥት ሰው ናት አለ፤ ሌላው የለም የእነዚያ ናት አለ። ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኜ መሀል ቆሜያለሁ። በሕይወቴ ሰው መምታት ያማረኝ ያን ዕለት ብቻ ነው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ መሀል ልጆቹ እኮ እያነበቡ ነበር። አንዱ አባት የልጁን እጅ ከኮምፒውተሩ ላይ አንስቶ ሲወጣ፣ ልጁ “ገና ወ ጋ ነኝ” እያለ ያለቅስ ነበር።

አራት ፊርማ ቀረልኝ። ባንዲራ ያለበትን ብመርጥ ኖሮ ግማሹ ይቀርልኝ ነበር፤ ሁሉንም ላስደስት ብዬ ሁሉንም አጣሁ። በማግስቱ ስልክ ይዤ በየቤቱ ለመንኩ። “እኔስ ግድ የለኝም፣ ባለቤቴ ነው እንጂ” አለችኝ አንዷ። ሌላዋ ድምፄን ስትሰማ ዘጋችው። ለዳይሬክተሯ ነገሩን ላስረዳ ሞከርኩ። ስለ ኮከብና ስለ አንበሳ በዚያ በባልዲ ጀርመንኛዬ ምን ብዬ ላስረዳ? በትዕግሥት ሰሙኝና አዝናለሁ ብለው ክፍሉን ለሌሎች ሰጡት።

ቤት ውስጥ ብቻዬን ላስተምራት ታገልኩ። ትቀመጥልኛለች፤ ዓይኗ ግን ሰዓቱ ላይ ነው። ስቆጣት ታለቅሳለች፤ ስታለቅስ አቆማለሁ። ረቡዕ ረቡዕ ከጎረቤት ልጆች ጋር ዋና መሄድ ጀመረች።

ግንቦት ላይ አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ፊቷ አብጦ መጣች። በር ላይ እቅፌ ውስጥ ገብታ እየተንሰቀሰቀች ረጅም ነገር ነገረችኝ፤ ሁሉም በጀርመንኛ። ከዚያ ሁሉ የያዝኩት ልጆቹ፣ ፀጉሬ፣ መምህሯ የሚሉትን ብቻ ነው። ምን አሉሽ? ማን ነው? ነክተውሻል? እያልኩ ትከሻዋን ያዝኳት። በአማርኛ ንገሪኝ የኔ እናት፣ ቀስ ብለሽ አልኳት።

“እማዬ፣ እነሱ…” አለችና ቆመች። ቃሉን ፈለገች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አያለሁ። እንደገና “እነሱ…” አለች። ከዚያ በእጅጌዋ ፊቷን ጠረገች።

“ምንም አይደለም፣ እማዬ” አለችኝ፤ በአማርኛ፣ ምንም ሳትሳሳት።