የለቅሶ ስንዴ

እስካሁን ሳስበው ደሜን የሚያፈላው ያ «ሦስት ቀን» የሚሉት ነገር ነው። መሥሪያ ቤታችን ለአደጋ ጊዜ ስለ መዘጋጀት ሥልጠና ሰጥቶን ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣው አሠልጣኝ በተተኮሰ ሸሚዙ ፊታችን ቆሞ፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ለሦስት ቀን የሚበቃ ምግብና ዕቃ ያዘጋጅ አለን። ጎንደር ላይ ቆሞ ነው እንዲህ የሚለው። እኛ ዘንድ መብራት እንኳ ከሄደ በሦስት ቀን አይመለስም። አጠገቤ የተቀመጠችው የሥራ ባልደረባዬ በክርኗ ጎሰም አድርጋኝ፣ «ሦስት ቀን ደግሞ ችግር ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቃችንን አፍነን የታደለውን ወረቀት ተቀበልን።

የኔ ሞኝነት ወረቀቱን ማመኔ ነው። የታሸገ ዓሣ፣ የዱቄት ወተት፣ ብስኩት፣ የእጅ ባትሪ፣ ፓወር ባንክ፣ ጀሪካን፣ ፊሽካ ይላል። በፊሽካው ማንን እንደምጠራ እግዜር ይወቅ፤ እሱንም ገዛሁ። ሦስት ቀኑን በራሴ ሥልጣን ሁለት ወር አደረግሁትና ከሱቅ ሱቅ እየዞርሁ ቱና ለቀምሁ። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ደርድሬ ስጨርስ ራሴን በጣም ወደድሁት።

እናቴ ከአምባ ጊዮርጊስ እኔ ቤት ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ስኳር አለባት። ኪኒኗን የምትውጠው ከምግብ ጋር ነው፤ ውጣ ካልበላች እጇ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃታል። ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እያነሣች አገላብጣ አየቻቸው።

«ምነው ይኼ ሁሉ?»

«ለክፉ ቀን ነው እማዬ።»

«ሸጋ ነው» አለች። አፏን ግን በነጠላዋ ሸፍና ነበር። ምን እንዳሳቃት የገባኝ ኋላ ነው።

ክፉው ቀን መጣ። በሁዳዴ መጣ።

ጾሙ በገባ በሳምንቱ መንገዱ ተዘጋ፤ ከወገራ እህል የሚያመጡት መኪናዎች ቀሩ፣ ሱቆቹ በራቸውን ቆለፉ። ስልክ የለም። መብራቱ ሲሄድ ወፍጮ ቤቱም ቆመ፤ ጤፍ በጆንያ አለ፣ ዱቄት ግን የለም። የነበረችን ሽሮ አለቀች። እኔ ታዲያ ደረቴን ነፍቼ ቁም ሣጥኑን ከፈትሁት። ከላይ እስከ ታች ዓሣና ወተት ተደርድሯል። ከፊታችን ደግሞ ሰባት ሳምንት ጾም አለ። ወረቀቱን የጻፈው ሰው የሚጾም ሕዝብ ትዝ አላለውም ብዬ እንዳልሰድበው፣ ለእኔስ ለጾመኛዋ ልጅ መቼ ትዝ አለኝ? እንዲህ ያለ ስሕተት የሚሠራ ሰው ከእኛ ሌላ ያለ አይመስለኝም።

ሁለቱ ልጆቼ ለጾም ስላልደረሱ ጣሳው ለእነሱ ሲሳይ ሆነ። እኔም ልሸሽግ አልችልም፣ ማድ ቤት ቆሜ በላሁ፤ ኃጢአቱ የኔ ነው። ችግሩ እናቴ ነበረች።

«ዓሣ እኮ ሥጋ አይደለም እማዬ» አልኋት።

«ደም የለውም?»

«ቢኖረውም ትንሽ ነው።»

«እናት የለውም?»

ይህን ትቼ ብስኩት አቀረብሁላት። ትልቋን ልጄን ጠራችና «እስቲ ጽሕፈቱን አንብቢልኝ» አለቻት። ያቺ ጉደኛ እንግሊዝኛዋን ለማሳየት ጣቷን በጥቃቅኑ ፊደል ላይ እየጎተተች አነበበች፣ አነበበችና «ወተት አለበት አያቴ» አለች። በዚያች ቀን እንግሊዝኛ ያስተማራትን ሁሉ ረገምሁ። እናቴ ኪኒኗን በባዶ ሻይ ዋጠች። ከሰዓት በኋላ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ቃሏም ተሳሰረ። ስኳር በጥብጬ አጠጣኋትና ነፍሷ መለስ አለች። ስኳር ላለባት ሴት ስኳር እየበጠበጥሁ ስንት ቀን ላኖራት ነው? ፈራሁ። ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ፤ ጠባዬ ነው።

በማግስቱ ከሰል ስፈልግ አልጋዋ ሥር ጎንበስ አልሁ። ሁለት ማዳበሪያ አገኘሁ፤ አንዱን ስፈታው ስንዴ፣ ሌላውን ስፈታው ሽምብራ። ድንጋዩ የተለቀመ፣ ነቀዝ እንዳይበላው የባሕር ዛፍ ቅጠል የተነሰነሰበት፣ ወፍጮ የማይፈልግ፣ ወተት የሌለበት፣ ደም የሌለው እህል። ልቤ በደስታ ዘለለች።

«እማዬ፣ ይኼን ይዘሽ ነው የምትራቢው?»

«አትንኪው። የለቅሶዬ ነው» አለችኝ።

ለካ ስትሞት ለለቀስተኛ የሚቀቀል ንፍሮ ነው። ከስንዴው ላይ በፌስታል የተጠቀለለ ነጭ አቡጀዲ ነበር፤ እሱ ደግሞ መገነዣዋ ነው። ለካ ያን ጊዜ ሻንጣዋን አንጠልጥላ ቤቴ የገባችው ልትጦር ሳይሆን ልትቀበር ተሰናድታ ነው። እኔ ለሁለት ወር ስዘጋጅ እሷ ለዘለዓለሙ ጨርሳለች።

«እድር ገብተን የለም ወይ? ምን ቀረብሽ?» አልሁ። ድምፄ ጎረቤት ሳይሰማ አልቀረም።

«እድርማ ድንኳንና ብረት ድስት ያመጣል። መንገድ ተዘግቶ ብሞት፣ ለሰዉ ምን ልታቀርቢለት ነው? ቱና?»

ያበገነኝ ረሃቧ ብቻ አልነበረም፤ ለሞቷ ቀን በእኔ አለመተማመኗም ጭምር ነው። ነጠላዬን ጣል አድርጌ ወደ ንስሐ አባታችን በእግሬ ሄድሁ፤ አስገድደው ያበሏታል ብዬ ነው።

አባ መጡ። የሆነውን ሁሉ ሰሙና «ለበሽተኛ ይፈቀዳል። ወተቱን ጠጪ፤ እኔ ፈቅጄልሻለሁ» አሏት።

«እሱ ለሞት ለደረሰ ነው አባቴ። እኔ አልሞትም» አለቻቸው።

«ካልሞትሽ ታዲያ የለቅሶው እህል ምን ይሠራልሻል?» ብዬ ጮህሁባት፤ ቄስ ፊት መሆኔንም ረሳሁት።

አባ ሳቃቸው መጣና ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ። «የቁም ተዝካር የሚባል አለ እኮ» አሉ።

ይህ ደግሞ ጨርሶ አነደደኝ። ተዝካሩን በቁሙ የሚያወጣ፣ ከሞተ ወዲያ የሚያስበው ልጅ የሌለው ሰው ነው። «እኔ ምን ሆኜ ነው አባ? አለሁ አይደለም ወይ?»

«ልጅስ አለኝ» አለች እናቴ። «ልጄ ያላት ግን ቱና ነው።»

እንባዬ መጣ። የንዴት እንባ ነበር፤ እስካሁንም የንዴት ነው እላለሁ። «ማርያምን!» አልኋት። «ይህን እህል ዛሬ በቁምሽ ካልበላሽው፣ ስትሞቺ አንዲት ፍሬ አልቀቅልም። ለዶሮ ነው የምበትነው። ለቀስተኛውም ባዶ አፉን ይሂድ።»

ስምላ የማልዋሽ መሆኔን እናቴ ታውቃለች፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት።

«እንግዲያ የግቢውን ሴቶች ጥሪያቸው» አለች። «የለቅሶ እህል ለብቻ አይበላም።»

ከወለቃ መንገድ ዳር የገዛሁትን ትልቁን የሸክላ ድስት ጣድን። የግቢያችን ሴቶች የየራሳቸውን ሰሃን ይዘው መጡ፤ እነሱም ዱቄት ካዩ ሰንብተዋል። አባ ባረኩ። ተበላ። እናቴ እፍኟን ሞልታ ቃመች፣ ኪኒኗን ዋጠች። ዓይኔን ከእጇ ላይ አልነቀልሁም፤ አልተንቀጠቀጠም። ከሴቶቹ ሁሉ በዕድሜ የምትበልጠው ጎረቤታችን በልታ ስትጨርስ እጇን አራገፈችና አፏ እንደለመደው «ነፍስ ይማር» አለች። ወዲያው ደንግጣ አፏን ያዘች።

«አሜን» አለች እናቴ።

ሁሉም ሳቁ፣ ቀድማ የሳቀችውም እናቴ ናት። እኔ አልሳቅሁም።

ያ እህል ለእኛም ለግቢውም መብራት እስኪመጣና ወፍጮው እስኪነሣ አደረሰን። ቱናው ግማሹ እስከ ፋሲካ ቆየ፤ በፋሲካ ደግሞ ዶሮ እያለ ቱና ማን ይበላል? ፊሽካዋን ልጆቼ ሲነፉ ሰንብተው ሰበሯት።

መንገዱ እንደተከፈተ እናቴ የጠየቀችኝ መድኃኒት አልነበረም። «እህሌን ተኪልኝ» አለችኝ። እያጉረመረምሁ አምባ ጊዮርጊስ ድረስ በመኪና ሄጄ ከገበያው ስንዴና ሽምብራ አመጣሁ። ማዳበሪያዎቹን አልጋዋ ሥር እንደነበሩ ልከታቸው ስል ከለከለችኝ፤ አልተለቀመም አለች። ሰፌድ ይዤ በረንዳው ላይ ተቀመጥሁ። እናቴ በሕይወት አጠገቤ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች፤ እኔ ልጇ የእሷን የለቅሶ ስንዴ እለቅማለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ ለሰው ይሰጣል? ከንዴቴ የተነሣ ቀና ብዬ አላየኋትም።

«ደህና አድርገሽ ልቀሚ» አለችኝ። «ሰው ጥርሱን ይሰብርብሻል።»