ዝናብ የማይጮህበት ጣሪያ

ከመቱ የወጣሁት ክረምት ላይ፣ አመሻሽ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቃው ነው። ባሌ ራሴን በዱላ ፈንክቶኝ ግድግዳ ወደምንጋራቸው እትዬ ዘነበች በር ሄጄ ወደቅኩ። እሳቸው ደሜን በነጠላቸው አስረው የጎሬ ሚኒባስ ላይ ጫኑኝ። ስንት ዓመት ኡኡ ብያለሁ፣ ማን ደረሰልኝ? «ቆርቆሮው እየጮኸ ማን ይስማኝ» እያልኩ ራሴን አጽናናለሁ እንጂ ጎረቤቶቼን አልተቀየምኩም።

መንገዱን አልነግራችሁም። ሊቢያንና ባሕሩን ያየ ያውቀዋል፣ ያላየም አይየው። ጀርመን የተከራየሁት ቤት ጣሪያው ላይ አፈር ደልድለው ሣር አብቅለውበታል። ሳቄ መጣ! እኛ የሣር ክዳን አፍርሰን ቆርቆሮ ለማልበስ ስንሟሟት፣ እነሱ ሲሚንቶ ላይ ሣር!

«በሙቀት ያቀዘቅዛል፣ ዝናብ ይጠጣል፣ ድምፅ ያፍናል» አለኝ አከራዬ።

«ፍየል ላወጣበት እችላለሁ?» ስለው፣

«ፈርቦተን!» አለ። ክልክል ነው ማለት ነው፤ እዚህ አገር መጀመሪያ የምትማሩት ቃል እሱ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ወደድኩት። በሐሩሩ ወር ቤቴ እንደ ጎሬ ይቀዘቅዛል፣ ንቡም ይመጣል። ሲዘንብ ግን ጭጭ! ጭጭ በማለቱ ነው ከግድግዳው ወዲያ ያለችውን ሴት የሰማኋት። ባሏ ሲወግራት እያንዳንዱ ቡጢ ይሰማኛል።

ምን ላድርግ? ያገሬን አደረግኩ። ግቢው መሐል ወጥቼ «ኡኡ! የሰው ያለህ!» አልኩ። መስኮቶቹ ተከፈቱ። ተመስገን ስል አንድ በአንድ ተዘጉ።

ሴትዮዋ በመሰላል ወደ ጣሪያው ሸሸች፤ እሱም ተከተላት። ተከትዬ ወጥቼ ስደርስ ሣሩ ላይ አንገቷን አንቋታል። ሣሩን የሚንከባከበው አትክልተኛ ትቶት የሄደውን አካፋ አንስቼ ጀርባውን አቀመስኩት። ዞሮ በቡጢ ጥርሴን አረገፈው። ጉልበቱን ስደግመው እዚያው ሣሩ ላይ ወደቀ።

«ጣሪያ ላይ መውጣት ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ?» አለኝ በኋላ የደረሰው ፖሊስ።

«ሰው ሲታነቅስ?»

«እሱን ለብቻው እንመዘግባለን።»

«ሣሩ ተረጋግጧል» አለ አከራዬ ከኋላ።

«ደሜን ጠጥቷል፣ ያገግማል» አልኩት። ሴትዮዋ ተረፈች።

ለእትዬ ዘነበች ደውዬ ሁሉን ነገርኳቸው። «እትዬ፣ ሰምተው እኮ ነው መስኮት የዘጉት! የኛ ሰው ቢሰማኝ ኖሮ በሩን ገንጥሎ ይገባ ነበር።»



«ኢንተለ ኮ፣ ልጄ» አሉ፤ «እንሰማ ነበር እኮ። ሁላችንም እንሰማ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?» አልኩ። «ቆርቆሮው እየጮኸ ነው፣ አልሰማሽም» ብለው ስልኩን ዘጉት።