የሥራ ቀን ቆጠራ

ስቆጥር አልሳሳትም ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። በወረዳችን የትኛው ትምህርት ቤት ስንት ክፍል ይጨመርለት የሚለውን ዕቅድ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ተማሪው በየዓመቱ ይበዛል፤ የሚሠራው ክፍል ግን ሁሌም ከሚጠየቀው ያንሳል። አንዳንድ ርዕሰ መምህር ደግሞ ክፍል ለማግኘት ሲል ቁጥሩን ያሳብጠዋል። ስለዚህ ወረቀት አላምንም። በእግሬ እሄዳለሁ፣ የክፍሉ በር ላይ ቆሜ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ። የሥራ ባልደረቦቼ ክፉ ናት ይሉኛል፤ ይበሉኝ ብዬ አልፋለሁ።

አንድ ዓመት ኅዳር ላይ፣ ከይምርሐነ ክርስቶስ መንገድ ተገንጥሎ የሁለት ሰዓት ዳገት ወዳለው ትምህርት ቤት የወጣሁትም ለዚሁ ነበር። የሚያስተምረው እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። አራት ክፍል ጠይቀዋል፤ ሁለቱ ዳስ ውስጥ ለሚማሩት ትንንሾች፣ ሁለቱ ሰባተኛና ስምንተኛ እንዲከፈትበት። ቀኑን በጥንቃቄ ነበር የመረጥኩት። እኔ የላሊበላ ከተማ ልጅ ነኝ፤ በዓል ሲሆን ሰው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲጎርፍ እያየሁ ነው ያደግሁት። በበዓል ብሄድ ልጆቹን አላገኛቸውም፣ እበድላቸዋለሁ ብዬ ምንም በዓል የሌለበት ማክሰኞ መረጥኩ። በቅንነት ነበር። አሁንም የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ግማሹ ዴስክ ባዶ ነበር። ርዕሰ መምህሩ ገና ወጣት፣ አንገቱን የሚደፋ ሰው ነው። «ዛሬ ብዙ ልጅ ቀርቷል፤ ሌላ ቀን ቢመጡልን ጥሩ ነበር» አለኝ።

«ሁሉም ርዕሰ መምህር የሚለኝ ይኼንኑ ነው» አልኩት።

ወረቀቱን ተቀብሎኝ ፈረመ። እኔም ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ እያንጎራጎርኩ ዳገቱን ወረድኩ። በዚያ ቁጥር መሠረት ዕቅዱ ላይ ሁለት ክፍል ጻፍኩላቸው። ሰባተኛ ክፍል የሚባል ነገር ቀረ።

ዕቅዱ ለምክር ቤት ከመቅረቡ በፊት የተመደበውን ለሕዝቡ ሄዶ መንገርም የእኔ ሥራ ነው። ገበሬ የሚሰበሰበው ሥራ በማይሠራበት ቀን ስለሆነ ስብሰባው ለወሩ መድኃኔዓለም ተቀጠረ። ጠዋት ደርሼ የትምህርት ቤቱን ግቢ ስረግጥ ዓይኔን አላመንኩም። አንድ ዴስክ ላይ አምስት ልጅ ተጣቧል። የተረፈው መሬት ላይ፣ ከመሬት የተረፈው መስኮት ላይ ተቀምጧል። ዳሱማ ከመሙላቱ የተነሳ መምህሯ ውጭ ቆማ ነበር የምታስተምረው። መጀመሪያ የጠረጠርኩት ተንኮል ነው። ከሌላ ትምህርት ቤት ልጅ ተውሰው አመጡብኝ አልኩ በሆዴ።

የግንባታ ኮሚቴው ሰብሳቢ የደብሩ ቄስ ናቸው። ቀጥ ብዬ ወደሳቸው ሄድኩ።

«አባ፣ እነዚህ ልጆች ባለፈው የት ነበሩ?»

«አንቺ መቼ ነበር የመጣሽው?»

«ማክሰኞ ነው።»

«በኅዳር? በሥራ ቀን?» ብለው ሳቁ። «ልጄ፣ በኅዳር የሥራ ቀን ብትመጪ እኔንም አታገኚኝም፤ አጨዳ ላይ ነኝ። ልጆቹም ነዶ ይሸከማሉ፣ ሴቶቹ ለወንፈሉ ውሃ ያመላልሳሉ። በበዓል ግን ማጭድ አይነሣም። እጃቸው ሲፈታ እዚህ እንሰዳቸዋለን። የኛ ትምህርት ቤት የሚሞላው በበዓል ነው። ይኼን የማያውቅ አለ ወይ?»

አለ። የወረዳው ዕቅድ ባለሙያ።

ሁለት ክፍል መመደቡን በዚያ አፌ ተናገርኩ። ሰዉ አልጮኸም። ከኋላ አንዲት በእኔ ዕድሜ የምትሆን የወላጅ ኮሚቴ አባል ተነሣች።

«ልጄ ዘንድሮ ስድስተኛን ትጨርሳለች» አለች። «ከተማ ቤት ተከራይታ ትማር ብንል አባቷ አይፈቅድም። እኔም እፈራለሁ፤ ገና አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። እዚህ ሰባተኛ ካለ ትማራለች፣ ከሌለ ቤት ትቀመጣለች። እስዎ ሁለት ክፍል ሲሉ እሷን ቤት ትቀመጥ ማለትዎ ነው።»

ድምጿን እንኳ ከፍ አላደረገችም። አፈርኩ። ሳፍር መቆጣት ልማዴ ነው፤ ያን ቀን ግን ቁጣው እምቢ አለኝ። ስብሰባው ሳይበተን፣ ልጆቹን ከየክፍላቸው አስወጥተን እያንዳንዱ ከወላጁ አጠገብ እንዲቆም አደረግን፤ የተዋሰ ካለ በዚያ ይታወቃል። ስም እየጠራሁ ቆጠርኩ። የተዋሰ አንድም አልነበረም። ቄሱም ርዕሰ መምህሩም ፈረሙ። ርዕሰ መምህሩን ይቅርታ ጠየቅሁት፤ «ግድ የለም» አለኝ፣ ግድ እንዳለው ግን ፊቱ ይናገር ነበር።

በማግስቱ ቢሮ ገብቼ ለኃላፊዬ ሁሉንም ነገርኩት። መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«ዕቅዱ ዓርብ ለምክር ቤት ይቀርባል» አለኝ። «አንድም ክፍል መጨመር አንችልም። እዚያ ሁለት ከጨመርሽ ከሌላ ትምህርት ቤት ሁለት ትቀንሻለሽ። ከየት እንደሆነ አንቺው ንገሪኝ። ስህተቱም ያንቺ መሆኑን በጽሑፍ አድርጊው።»

ጽሑፉ አላስቸገረኝም። ከየት ልቀንስ የሚለው ነው እንቅልፍ የነሳኝ። ዝርዝሩን ሦስት ቀን አገላበጥኩት። ዳስ ውስጥ የሚያስተምር ትምህርት ቤት አይነካም። ዳስ የሌለው አንድ ብቻ ነበር፤ የከተማው። እዚያ ልጆቹ የሚማሩት በፈረቃ ሲሆን፣ ሁለቱ አዲስ ክፍሎች የታሰቡት ትንንሾቹ ሁሉ ጠዋት ገብተው እንዲማሩ ነው። ሦስተኛ ክፍል የምትማረው ልጄም ከሰዓት ገብታ ሲመሻሽ ከሚመለሱት አንዷ ናት። የሚመጣው ዓመት ጠዋት ትገቢያለሽ ብዬ ቃል ገብቼላት ነበር። ለጎረቤቶቼም አውርቻለሁ፤ አፌ አያርፍም።

እውነቱን ለመናገር ሌላ ዘዴ ፈልጌያለሁ። አንዱን ከዚህ፣ አንዱን ከዚያ ብዬ ሞክሬያለሁ። በሞከርኩ ቁጥር ግን ዳስ ውስጥ ካሉት ልጆች ላይ ነው የሚወድቀው። ፈረቃ ያደክማል፣ ያማርራል፤ ከትምህርት ግን አያስቀርም። ይህን ለራሴ ደጋግሜ ከነገርኩት በኋላ ዓርብ ጠዋት ምክር ቤቱ ፊት ቆምኩ።

«ለአንድ ትምህርት ቤት ሁለት ቁጥር አምጥተሻል፤ የትኛውን እንመን?» አለ አንዱ አባል።

«ሁለቱም ልክ ናቸው» አልኩ። «ግን ክፍል የሚሠራው ልጆቹ ለሚመጡበት ቀን ነው። የላሊበላን ግቢ ሰው በሌለበት ቀን አይቶ፣ ይኼ ለገና ይበቃል የሚል ከመካከላችን ማን አለ?»

ጥቂቶቹ ፈገግ አሉ። ሌላው ግን አልሳቀም። «የምትቀንሽበት ትምህርት ቤት ልጅሽ የምትማርበት አይደለም ወይ?» አለኝ።

«ነው» አልኩት። እጅ ወጣ፤ አራቱ ክፍል ጸደቀ።

ማታ ለልጄ ነገርኳት። «ቃል ገብተሽልኝ ነበር» አለችኝና እስከ ማግስቱ ምሽት አላናገረችኝም። ጎረቤቶቼ ደግሞ ሰንብተው ነው ያናገሩኝ። አልጸጸተኝም፤ ከፍቶኝ ግን ነበር። ክፍሎቹ ግንባታ ላይ እያሉ ሰበብ እየፈለግሁ ያንን ዳገት ስንት ጊዜ እንደወጣሁት አላውቅም። የአካባቢው ሰው አጨዳውን ጨርሶ ድንጋይና አሸዋ ሲያመላልስ ከረመ፤ እኔም ግንበኞቹን በጥያቄ ሳሰለች ከረምኩ። መስከረም ላይ ሰባተኛ ተከፈተ። ስምንተኛው ደግሞ ክፍሉ ዝግጁ ሆኖ ዓመቱን ይጠብቃል።

ጥቅምት ላይ አንድ ቀን ስድስት ሰዓት ገደማ ልጄን ወደ ትምህርት ቤት ሳደርስ ያችን እናት መንገድ ላይ አገኘኋት። የሰባተኛ ክፍል መጻሕፍት ከእኛ መጋዘን ልትረከብ ከኮሚቴው ጋር መጥታ ነው። ልጇ ትምህርት ጀምራለች፤ ሒሳብ ከብዷታል አለችኝ እየሳቀች። ከዚያ የልጄን ዩኒፎርም አየች።

«ምነው፣ አሁን ነው እንዴ የምትገባው?»

«የከሰዓት ፈረቃ ናት» አልኳት። «ክፍል ጠበበን።»

ሌላውን አልነገርኳትም፤ የነገራትም የለም። «እኔን» ብላ ጎንበስ አለችና የልጄን ራስ ዳበሰች።

«ወደኛ ይስደዷት» አለችኝ። «ከልጄ ጋር ታድራለች። አሁን እኮ እኛ ክፍል አለን።»