በተሰበረ ዚር የተከልሁት ማንጋ

ከእንጅባራ የወጣሁበትን ሌሊት እናንተ ዘመዶቼ እዚያ እንደ ፈለጋችሁ ስታወሩት ከርማችኋል አሉ። «ወንድ ተከትላ ኮበለለች» ብላችኋል። ወንድ ቢኖርማ ስንቄን በተሸከመልኝ! እኔ የወጣሁት ልጄን ስንዱን አዝዬ፣ በሶዬን በአገልግል ይዤ፣ ውሻው እንዳይጮህ አጥንት ወርውሬለት ነው።

ምክንያቱን ታውቁታላችሁ፤ አፋችሁ ግን አይናገረውም። የባሌ ወንድም ሰው ገደለ። ባሌ ቀድሞ ሞቶ ስለ ነበር ይህን ከማየት ተረፈ። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡና ደሙ እንዲደርቅ ከገዳዩ ወገን አንዲት ልጅ ለሟቹ ወገን ትዳር አሉ። የማን ልጅ? የኔ ስንዱ! ገና ጥርሷን እየለወጠች ያለች ልጅ! ገዳዩ እሱ፣ ካሳዋ የኔ ልጅ። ጢማቸውን እየዳበሱ «እግዜር ይመስገን፣ ታረቅን» ሲባባሉ እኔ ጠላ እየቀዳሁላቸው ነበር። ቀድቼ ጨርሼ ነው የወጣሁት፤ ባለጌ እንዳትሉኝ።

በዳንግላ በኩል ብሄድ የሚያውቀኝ ይበዛል ብዬ ቁልቁል ወደ ጫግኒ ወረድሁ፤ ከዚያ ወደ ሱዳን ከሚሻገሩ የበርበሬ ነጋዴዎች ጋር ተጠጋሁ። በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ይብሳል። ጋቢዬን አወለቅሁ፣ ነጠላዬን አወለቅሁ፣ ቆዳዬን ማውለቅ ብቻ ቀረኝ። ድንበሩ ላይ አንድ ፖሊስ ያዘኝና በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ሥራሽ ምንድን ነው?»

«እናት ነኝ።»

«ሥራ ነው ያልሁሽ!»

«እንግዲያ እሱን የሚሠራልኝ ሌላ ሰው ካለ አምጣልኝ!»

አስተርጓሚው ምን ብሎ እንደ ተረጎመው እንጃ፤ ፖሊሱ ሳቀና አሳለፈን። ስፈራ ምላሴ ይሾላል፤ አመሌ ነው።

ያረፍንባት ከተማ ሮሴሪስ ትባላለች፤ ዓባይ ዳር ናት። ከኛ አገር ቀዝቅዞ የወጣው ዓባይ እዚህ ሲደርስ ለብ ብሏል። ሰዋችንም እንደዚያው ነው። ቤት ያከራየኝ አቶ ዓለሙ የዳንግላ ሰው ነው፤ ጀላቢያ ለብሶ፣ አማርኛውን በዓረብኛ እየሰባበረ፣ የእናቱን አገር ስም እንኳ በአፍንጫው ነው የሚጠራው። የሰጠኝ አንድ የጭቃ ክፍልና ቅጠል የሚባል የማያውቅ ግቢ ነው። ቀትር ላይ መሬቱ እንደ ምጣድ ይግላል። እንጀራቸውን ኪስራ ይሉታል፤ ቀጭን ስለሆነ በዚያ ግቢ መሬት ላይ መጋገር ይቻል ነበር።

ስንዱ በገባን በሳምንቱ ነስር ያዛት። ደሙ አልቆም አለ። ከደም ካሳ ያስመለጥኋት ልጅ በደም ልትሄድብኝ ነው ብዬ ጮህሁ። ጎረቤቴ ሐጃ ዘይነብ ውኃ ይዛ መጣች፤ የልጄን ግንባር እያራሰች ግቢውን ዞር ብላ አየችና ከነጋዴዎቻችን በለመደችው አማርኛ «ልጅሽን የያዛት በሽታ አይደለም፤ ጥላ ማጣት ነው» አለችኝ። ጀርባው ሌላ ነገር የሌለበት ቃል ሲገኝ ደስ ይላል። በማግሥቱ ከውኃ ማስቀመጫዋ ሥር የበቀሉ፣ እነሱ ማንጋ የሚሉትን ሦስት የማንጎ ችግኞች ነቅላ ሰጠችኝ።

አቶ ዓለሙ ሰማ፤ ከየት እንደ ሰማ እንጃ፣ ጉድጓዱን ሳልጨርስ ደረሰ።

«ዛፍ የለም! ባሚያ ዝሪ፣ ማሽላ ዝሪ፣ በዓመቱ የሚነቀል ነገር። ዛፍ የተከለ ነገ ርስቴ ይላል። እኔ የጎጃም ሰው ነኝ፣ ይኼን ለኔ ታስተምሪኛለሽ?»

«ጌታው፣ ለልጄ ጥላ ብዬ ነው እንጂ…»

«ጥላ ከፈለግሽ ጃንጥላ ግዢ!»

ገበያው ዳር የተሰበረ ዚር ይጥላሉ። ዚር የሚሉት ትልቁን የውኃ ጋን ነው። መቀመጫቸው የወደቀውን መርጬ እያንከባለልሁ አመጣሁ፤ አፈር ሞልቼ ችግኞቼን ተከልሁባቸው። ከላይ ሲያዩት ደኅና ዕቃ ነው፤ ከታች ግን አፉ ክፍት ነው።

«ይኼስ?» አለኝ ተመልሶ መጥቶ።

«ዕቃ ነው ጌታው። ቤቱን ስለቅ ተሸክሜው እወጣለሁ።»

«አገው ዛፍ በጋን ትተክላለች!» ብሎ ሳቀ። ሳቁን እስኪጨርስ ጠበቅሁት።

የሠራሁትን ስሕተት እናንተም ብትሆኑ ትሠሩታላችሁ። እኛ አገር ችግኝ የሚገድለው ውርጭ ስለሆነ ለችግኝ ፀሐይ ነው የምንፈልግለት። እኔም ፀሐይ የሚበዛበት መካከል ላይ ደረደርኋቸው። አንደኛው ወዲያው እንደ ደረቀ ትንባሆ ተኮማተረ። ሐጃ ዘይነብ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ «ያ ሐበሺያ፣ አንቺ ሐበሻ! ጥላ እንዲሰጥሽ መጀመሪያ አንቺ ጥላ ስጪው!» አለችኝ። ከማሽላ አገዳ ራኩባ የሚሉትን ዳስ ሠራሁና ስንዱንም የቀሩትን ሁለት ችግኞችም አንድ ላይ ከሥሩ አስገባኋቸው። ሐቡብ የሚሉት የአቧራ ነፋስ በመጣ ቁጥር ራኩባውን ይወስደዋል፤ እኔም በሄደ ቁጥር አቆመዋለሁ። ውኃ ስቀዳ አንድ ጣሳ ለስንዱ፣ አንድ ጣሳ ለማንጋዎቹ ነበር። ማንኛቸው ቀድሞ እንደሚደርቅ ሳላውቅ ስንት ጊዜ ተነሥቼ ትንፋሿን አዳምጫለሁ!

በአራተኛው ክረምት ቅርንጫፎቹ ጣራውን አለፉት። ስንዱ ቀትሩን ከሥራቸው ትፈትላለች፤ ነስሩም ተረሳ። ይኼኔ አቶ ዓለሙ ግቢው እንዳማረ ታየው። የተሻለ ተከራይ አግኝቶ «ዕቃሽን ተሸክመሽ ውጪ» አለኝ።

«እሺ ጌታው። ዚሮቹ ከብደውኛል፣ ያግዙኝ።»

ሁለት ተሸካሚ አመጣ። ጎተቱ፣ ሳቡ፣ ተሳደቡ። ዚሮቹ እንደ እንቁላል ቅርፊት ፈርሰው ወደቁ፤ ዛፎቹ ግን ንቅንቅ አላሉም። ሥራቸው መሬቱን ከያዘው ቆይቷል።

አቶ ዓለሙ ወደ ሰፈሩ ሼክ ወሰደኝ። ሼኩ ነገሩን ሰምተው ሳቃቸውን ዋጡት።

«ሥሩ ያለው የማን መሬት ውስጥ ነው?»

«የኔ!» አለ አቶ ዓለሙ።

«ያጠጣውስ ማን ነው?»

«እሷ ናት፣ በዓይኔ አይቻለሁ» አለች ሐጃ ዘይነብ።

«መሬቱ ያንተ፣ ዛፉ የእሷ። ዛፉ እስካለ ከሥሩ ትኑር።»

አሸነፍሁ ብዬ አንድ ወር ያህል ደረቴን ነፋሁ። ከዚያ አንድ እሑድ እዚሁ ከሚኖሩ የአገራችን ሰዎች ሦስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡና ከዛፌ ሥር ተቀመጡ።

«የስንዱ እናት፣ የአቶ ዓለሙ ልጅ ደኅና ልጅ ነው። ስንዱም ደርሳለች። ብትሰጪው መሬቱም ዛፉም አንድ ቤት ይገባል፤ ጠቡም ይበርዳል።»

ይኼን ሁሉ አገር አቋርጬ፣ ድንበር ተሻግሬ፣ ጠብ የሚበርደው አሁንም በኔ ልጅ!

«አባቶቼ፣ ዛፎቹን ውሰዱለት» አልኋቸው። «ልጄን ግን ከርስት ጋር አትደምሩብኝ።»

«በሰው አገር፣ ያለ ዘመድ፣ የት ልትገቢ ነው?»

«ከእናንተ ራቅ ወዳለው!»

ስንዱ ከቤት ውስጥ በአገውኛ «እማ፣ ጓዙን እያሰርሁ ነው» አለችኝ። እነሱ ቋንቋው አልገባቸውም፤ እኔ ግን ጉልበቴ የተመለሰልኝ ያን ጊዜ ነው።

ዛሬ ያለነው ሐጃ ዘይነብ ግቢ ነው። አቶ ዓለሙ ከማንጋዬ ሥር አንግሬብ የሚሉትን የጠፍር አልጋ አውጥቶ ይተኛል። ዘንድሮ አፍርቶለታል አሉ፤ ይብላው። እኔ እንደ ሆነ ዓይኔን ወደዚያ አላዞርም፤ ገበያ ስሄድ ግን መንገዱ በዚያ በኩል ነው።

ይኼን ደብዳቤ የሚያደርስላችሁ የበርበሬ ነጋዴ ስንቁን እየቋጠረ «ለዘመዶችሽ ምን ልበል?» አለኝ።

«ከነዚያ ሽማግሌዎች ማን ማን እንደ ሞተ ጠይቅልኝ» አልሁት።

ከት ብሎ ሳቀ። «ሌላስ?»

«የእንጅባራ የጠዋት ጉም ዘንድሮ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ጠይቅልኝ።»

«ጉም?» አለች ስንዱ ከጎኔ። «እማ፣ ጉም ምንድን ነው?»

ነጋዴው እኔን አየኝ። እኔም እሱን አየሁት።