የአቶሙ አቧራና የደበቅኩት ደብዳቤ

በመጥረጊያ ነው የጠረጓቸው። በቤት መጥረጊያ! ይህን የነገሩኝ ቀን መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ከዚያ ደሜ ፈላ።

በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ስድስት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ እየኖርኩ፣ አሌክሳንድሪያ ብቻቸውን የሚኖሩ አንድ ሰባ አምስት ያለፋቸው አሜሪካዊ ሽማግሌ እረዳ ነበር። ጠዋት ቀዩን ባቡር እይዝና መሃል ከተማ ወደ ቢጫው እቀይራለሁ። ሥራዬ ማጠብ፣ ማብላት፣ መድኃኒት ማስታወስ ነው፤ ዓይናቸው ስለደከመ ፖስታቸውንም የማነብላቸው እኔ ነኝ። “በስሜ ጥሪኝ” ይሉኛል። የት አባቴ ችዬ! ሰር እላቸው ነበር፤ በልቤ ግን አንቱ ነበሩ።

ወጣት ወታደር ሳሉ ኔቫዳ በረሃ ወሰዷቸው። ምሽግ ውስጥ አስገብተው “ተንበርከኩ፣ ዓይናችሁን በክንዳችሁ ሸፍኑ” አሏቸውና ከፊታቸው የአቶም ቦምብ አፈነዱ። ዓይናቸውን እንደጨፈኑ በፍንዳታው ብርሃን የገዛ ክንዳቸውን አጥንት አዩት። ይህ አልበቃ ብሎ “ተነሱ፣ ወደ ፍንዳታው ሂዱ” ተባሉ። ለምን ቢባል፣ ወታደር ከአቶም በኋላ መዋጋት ይችል እንደሆነ ለማየት። ድንቄም ምርምር! አቧራ ለብሰው ሲመለሱ አንድ አለቃ መጥረጊያ ይዞ ቆሟል። ከትከሻ እስከ ጫማ ጠረግ ጠረግ አደረጋቸውና “በቃ፣ ንጹህ ናችሁ” አላቸው። ከዚያ ያዩትን ለማንም እንዳይናገሩ አስማሏቸው። ሚስታቸው እስክትሞት ድረስ ለእሷ እንኳ አልነገሯትም።

እኔ በደረስኩ ጊዜ የአጥንት መቅኔ ካንሰር ይዟቸዋል። የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ በሚመለከተው ቢሮ አመልክተው መልስ እየጠበቁ ነበር። የሚፈልጉት አንድ ወረቀት ነው፤ “አዎ፣ እዚያ ነበርክ፤ ያመመህም በዚያ ነው” የሚል። ሌላ ምኞት የላቸውም። “ሳልሞት ይመኑልኝ” ይሉ ነበር።

እስከዚያው መጻሕፍት ያስነብቡኛል። ቱ! ማፈሪያዎች! ኃያል ነኝ ያለው ሁሉ ለቦምቡ ባዶ መሬት ሲፈልግ ነበር ለካ። ፈረንሳይ ሰሃራን፣ እንግሊዝ የአውስትራሊያን በረሃ፣ ሩሲያ ካዛክስታንን፣ አሜሪካ ኔቫዳንና የፓሲፊክ ደሴቶችን። ባዶ ያሉት ሁሉ ግን ሰው ነበረበት፤ ግመል የሚያረባ፣ ዓሣ የሚያጠምድ፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው። በደሴቶቹ ላይ ነጭ አመድ ሲዘንብ ልጆች ተጫወቱበት፤ ቆዳቸው ተቃጠለ፣ ጸጉራቸው ረገፈ፣ ውሎ አድሮ አንገታቸው ላይ እጢ በቀለ። ኔቫዳ አካባቢ ደግሞ ንፋሱ የወሰደውን ላሟ ከሣሩ ጋር በላች፣ ሕፃኑ ከወተቷ ጋር ጠጣ። ሹሞቹ “ምንም አያሰጋም” ይላሉ። ንፋሱ ወደ ትልልቆቹ ከተሞች ሲዞር ግን ፍንዳታውን ያቆዩት ነበር። ያኔ አደጋውን ማወቅ መጣ!

ሽማግሌው ከኔቫዳው ምሽግ በሕይወት የቀሩ አንድ ጓደኛ ብቻ ነበሯቸው። ኦሃዮ ይኖራሉ፣ እሳቸውም ታመዋል። እሁድ እሁድ በስልክ ኮል ያደርጋሉ፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሹሞቹን እየተቀባበሉ ሲሰድቡ እኔ ከወጥ ቤት ሆኜ እስቅ ነበር።

ደብዳቤው በመስከረም መጣ። ወጥ ቤት ቆሜ ከፈትኩት። “በተባለው ቦታ መገኘትዎን የሚያሳይ መዝገብ አላገኘንም” ይላል። መዝገቡን የያዘው ማን ነው? እነሱ! ያጠፋውስ? እነሱ! የጠረጋችሁበትን መጥረጊያ ጠይቁታ! ገጹን ሳልገልጥ አጣጥፌ ወደ ፖስታው መለስኩት።

እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ብቻውን ቁጭ ባለበት አይጣልበትም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌ ይቀድማል፣ ማልደው ይሄዳሉ፤ እስከዚያ ድረስ አፍ ይዘጋል። እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ እናቱ ሞታበት፣ ወንድሙ ከሌላ ስቴት እስኪደርስ ብለን ሳምንት ሙሉ አብረነው እየበላን እየሳቅን የደበቅነው ሰው አለ። የሽማግሌው አንዲት ልጅ ካሊፎርኒያ ናት፤ በኅዳር ለታንክስጊቪንግ በዓል ትመጣለች። አጠገባቸው ሆና ይስሙት አልኩና ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ኮርቼም ነበር። እነዚህ መርዶን በቴምብር የሚልኩ ደንቆሮዎች ሰው መሆንን ከእኔ ይማሩ ብዬ!

“ከቢሮው መጣ?” ይሉኛል በየቀኑ።

“አልመጣም ሰር።”

“ሰነፎች” ይላሉ። እኔም እጨምርበታለሁ፣ ምን አባታቸው እያልኩ።

በጥቅምት አንድ እሁድ ስልኩ ሳይጮህ ዋለ። ሰኞ የጓደኛቸው ሚስት ደወለች፤ አርፈዋል። ሽማግሌው ግድግዳ ግድግዳውን ሲያዩ እጃቸውን ይዤ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ከልቤ ነው።

ልጃቸው መጣች። በማግስቱ ማለዳ ደህና ልብሴን ለብሼ ሄድኩ፣ ሶፋው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው፣ ውሃ አቀረብኩ፣ ደብዳቤውን አውጥቼ ለልጅቷ ሰጠኋት። ሁሉን በወጉ አደረግኩ። የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበችው። እሳቸው ቅንድባቸውን እንኳ አላነሱም።

“ይህንንማ ጠብቄዋለሁ” አሉ።

ገጹን ገለጠች። “ሆኖም በቦታው አብሮዎት የነበረ ሰው በመሐላ የሚሰጠውን ቃል በማስረጃነት እንቀበላለን።”

ልጅቷ አባቷን አየች። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ።

“መቼ ነው የመጣው?”

“በመስከረም።”

“ጓደኛዬ በሕይወት እያለ?”

“አዎ ሰር። እንዳይደነግጡብኝ ብዬ ነው።”

“ስለ አቧራው ያልነገሩንም እንዳንደነግጥ ብለው ነበር” አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ቢሰድቡኝ፣ ያን ለሹሞቹ ያስቀመጡትን ስድብ ሁሉ ቢያወርዱብኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷ ለቢሮው ደጋግማ ጻፈች። ምስክር አምጡ አሏት። አባቷ በቀጣዩ ሚያዝያ አረፉ፤ ወረቀቱ አልመጣም።

አላባረሩኝም። እስከ መጨረሻው ያጠብኳቸውም ያበላኋቸውም እኔ ነኝ። ፖስታቸውን ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚኖሩበት ሕንጻ ዘበኛ ነበር የሚያነብላቸው፤ የሱቅ ማስታወቂያ ሳይቀር፣ እያንዳንዱን ገጽ እስከ ታች፣ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እየሰማሁ።